የቅድሚያ ድምፅ አሰጣጥ ወጪን ሦስት ማዘጋጃ ቤቶች እንዴት ይካፈሉት? (ሚሺጋን)

የበጀት ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሚሺጋን ውስጥ በአንዲት ከተማ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ከተማችን ከሁለት አጎራባች ታውንሺፖች (የራሳቸው አስተዳደር ካላቸው አነስተኛ አካባቢዎች) ጋር አንድ የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ጣቢያ፣ ማለትም ሰው ከምርጫው ዕለት በፊት መጥቶ ድምፅ የሚሰጥበት ጣቢያ፣ በጋራ ታካሂዳለች። ጣቢያው የእኛ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው፤ አስተባባሪውም የእኛ ክለርክ (ምርጫ የሚያስፈጽሙት የማዘጋጃ ቤቱ ሹም) ናቸው።

ስምምነቱ ሊታደስ ነው። ስለ ገንዘብ ያለው ግን አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ «ወጪው በእኩል ይከፈላል።» የተመዘገበው መራጭ እኛ ጋ 18,000፣ ታውንሺፕ «ለ» ጋ 7,000፣ ታውንሺፕ «ሐ» ጋ 3,000 ነው። «ሐ» በዚህ ዓይነት አልቀጥልም ብላለች። «ለ» ደግሞ መጥቶ ድምፅ በሰጠው ሰው ልክ እንክፈል ባይ ናት። ባለፈው ምርጫ ጣቢያው ካስተናገዳቸው 3,000 ሰዎች 2,250ው የእኛ ነዋሪዎች፣ 600ው የ«ለ»፣ 150ው የ«ሐ» ነበሩ። ከእኛ ምክር ቤት አባላት አንዳንዶቹ በእኩል መክፈሉ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ።

የአንድ ምርጫ ወጪያችን ይህን ይመስላል። አምስት አስፈጻሚዎች፣ በቀን 9 ሰዓት ተኩል፣ ለ9 ቀን፣ በሰዓት 18 ዶላር፦ 7,695። ለጣቢያው ኃላፊ በሰዓት 4 ዶላር ጭማሪ፦ 342። የስምንት ሰው ሥልጠና፣ ለእያንዳንዱ 4 ሰዓት፦ 576። ማታ ማታ መጥተው ለሚረከቡ ሁለት የክለርክ ቢሮ ሠራተኞች፦ 864። የድምፅ ቆጣሪ ማሽኑ ፕሮግራም፦ 1,200። ልዩ ልዩ ዕቃ፦ 900። የጋዜጣ ማስታወቂያ፦ 450። የድምፅ መስጫ ወረቀትና ቀለም፦ 1,400። ድምሩ 13,427 ዶላር ነው።

የትኛው ቀመር ነው በሒሳብም በፍትሕም የሚያስኬደው? ስምምነቱ ውስጥስ ምን ሳይጻፍ ሲቀር ነው በኋላ ጠብ የሚነሣው?

የምርጫ ጓዳ፦

ወንድሜ፣ ቀመር ከመምረጥዎ በፊት እያንዳንዱን ወጪ ምን እንደሚያስወጣው ይመልከቱ። የሚሺጋን ሕዝብ በኖቬምበር 2022 ባጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ (ፕሮፖዛል 2) መሠረት፣ በስቴትና በፌዴራል ምርጫ ሁሉ ጣቢያው 9 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ክፍት መሆን አለበት። ከምርጫው በፊት ካለው ሁለተኛ ቅዳሜ ይጀምርና ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ ያበቃል። ሠላሳ ሰው መጣ ሦስት መቶ፣ በሩ ተከፍቶ ይውላል። ቢያንስ ሦስት አስፈጻሚ ይቀመጣል፤ ከሁለቱ ዋና ዋና ፓርቲዎች ከእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሰው ጭምር።

አሁን ዝርዝርዎን በዚህ ዓይን ያንብቡት። በመጣው ሰው ቁጥር የሚወጣና የሚወርደው ወረቀትና ቀለሙ ብቻ ነው፤ 1,400 ዶላር። የቀረው 12,027 አዳራሹ ባዶውን ቢውልም ይወጣል። ሦስታችሁ በጋራ የገዛችሁት የተከፈተ በር ነው። የተከፈተ በር ደግሞ የሚያገለግለው የመጣውን ብቻ አይደለም፤ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ነው። ሊመጣ የሚችለውን የሚለካው የተመዘገበው መራጭ ቁጥር ነው።

ሦስቱን ቀመሮች በእርስዎ ቁጥር ላስላቸው። በእኩል ከሆነ እያንዳንዱ 4,475 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይከፍላል። «ሐ» በአንድ መራጭ ወደ 1 ዶላር ከ49 ሳንቲም ስትከፍል እናንተ 25 ሳንቲም ገደማ ትከፍላላችሁ። ቅሬታዋ እውነት አለው። በመጣ ሰው ልክ ከሆነ ደግሞ ከተማው 10,070.25፣ «ለ» 2,685.40፣ «ሐ» 671.35 ይደርሳቸዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። «ሐ» ብቻዋን ጣቢያ ብትከፍት፣ በሕጉ ዝቅተኛ ቁጥር ሦስት ሰው ብቻ ብትቀጥር እንኳ፣ በእናንተው ደመወዝና ሰዓት 4,617 ዶላር ይፈጅባታል፤ ማሽኑ፣ ሥልጠናው፣ ማስታወቂያው ሳይቆጠር። ያንን ግዴታ በ671 ዶላር ልትወጣው ነው። ጣቢያው ከእርሷ ነዋሪዎች ስለሚርቅ ጥቂት ሰው ይመጣል፣ ጥቂት ሰው ስለመጣ ጥቂት ትከፍላለች። ነዋሪዎቿ ስለ ጣቢያው ባላወቁ ቁጥር ሒሳቧ የሚቀልላት ከሆነ ቀመሩ ሕዝብን ይጎዳል። ይህን «ለ»ም ልብ ማለት አለባት።

እኔ የምመክረው ሁለት እርከን ያለው ክፍያ ነው። ቋሚው 12,027 በተመዘገበ መራጭ ይከፈል፤ ወረቀትና ቀለሙ በተስተናጋጅ ይከፈል። ቋሚው ለከተማው 7,731.64፣ ለ«ለ» 3,006.75፣ ለ«ሐ» 1,288.61 ይመጣል። ወረቀቱ በተራ 1,050፣ 280 እና 70 ይሆናል። ድምሩ ለከተማው 8,781.64፣ ለ«ለ» 3,286.75፣ ለ«ሐ» 1,358.61 ነው። ደምረው ያረጋግጡት፤ 13,427 ድፍን ይመጣል። ሳንቲም ሲያጠጋጉ የምትተርፈውን ወይም የምትጎድለውን አንድ ሳንቲም አስተባባሪው እንደሚሸከማት ከጻፉ ደግሞ፣ ሒሳብ ሹሞቹ በአንድ ሳንቲም ልዩነት ደብዳቤ አይጻጻፉም።

የ9 ሰዓት ተኩሉንም ምክንያት በስምምነቱ አብራሩ። ምክር ቤቶች «በሩ በቀን ለ8 ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ለምን የዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንከፍላለን?» ማለታቸው አይቀርም። ጠዋት 45 ደቂቃ የሚሄደው በዚህ ነው፦ የማሸጊያ ቁጥሮቹ ትናንት ማታ ከተጻፉት ጋር ይመሳከራሉ፤ ማሽኑ ላይ ያለው ቆጣሪ ትናንት ሲዘጋ ከነበረው ቁጥር ጋር መግጠሙ ይታያል፤ መራጮች የሚመዘገቡበት ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከስቴቱ የመራጮች ፋይል ጋር መገናኘቱ ይረጋገጣል። በምርጫው ዕለት ያለው መዝገብ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ የቅድሚያው ግን በዚያው ቅጽበት መመዝገብ አለበት፣ አለዚያ አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ድምፅ እንዳይሰጥ መከላከል አይቻልም። ስለዚህ መስመሩ ከተቋረጠ ሥራው ይስተጓጎላል። ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር (ከሌላ ኩባንያ የሆነ የሞባይል ሆትስፖት) በ900 ዶላሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ማታ ደግሞ የማሽኑ ቁጥርና የመዝገቡ ቁጥር ይመሳከራሉ፣ ወረቀቶቹ ተቆልፈው ይታሸጋሉ፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ሁለት ሰው ይፈርማል። የውጤት ቴፕ (ማሽኑ የሚያትመው የውጤት ወረቀት) አይወጣም፤ ውጤቱ የሚታየው በምርጫው ዕለት ጣቢያዎች ማታ ሲዘጉ ነው። 864 ዶላሩ ይህ ርክክብ ነው። በአንድ ሰው ብቻ እንዲሆን በቁጠባ ስም ሐሳብ ከቀረበ አትቀበሉ።

ሒሳብ መርማሪ፦

የምርጫ ጓዳ ያስቀመጡት ስሌት ትክክል ነው፤ በሐሳቡም እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው በሠራተኛ ወጪው ላይ ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ትልቁ እርሱ ስለሆነ፣ ስህተቱም የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ።

የምርጫ አስፈጻሚዎች በአሜሪካ የታክስ ሕግ የተለየ ሁኔታ አላቸው። በዓመት የሚከፈላቸው ከአንድ ጣራ በታች ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብር አይቆረጥም። ጣራው በ2024 2,300፣ በ2025 2,400 ዶላር ነበር። ድሮ ሰው የሚሠራው የምርጫውን ዕለት ብቻ ስለነበር ጣራው ጋ የሚደርስ አልነበረም። አሁን አንድ ሰው ዘጠኙንም ቀን ከሠራ 85 ሰዓት ተኩል በ18 ዶላር 1,539 ዶላር ያገኛል። የኦገስትንና የኖቬምበርን ምርጫ ሁለቱንም ከሠራ 3,078 ይሆናል፤ ጣራውን አለፈ ማለት ነው። ጣራው ታለፈ ማለት ደግሞ ግብሩ የሚታሰበው ከትርፉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ነው። የአሠሪው ድርሻ 7.65 በመቶ ስለሆነ በአንድ ሰው 235.47፣ በአምስት ሰው ወደ 1,177 ዶላር ይመጣል። ማንም በጀት ያልያዘለት 1,177 ዶላር በዲሴምበር ብቅ ሲል፣ ስምምነቱ ዝም ካለ፣ ደመወዝ ከፋዩ ማዘጋጃ ቤት ብቻውን ይሸከመዋል። (ግዛቱ ከሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ጋር ያለው ስምምነት ቁጥሩን ሊለውጠው ስለሚችል የዓመቱን ጣራ ከደመወዝ ክፍላችሁ ጋር አረጋግጡ።)

ሁለተኛው የትርፍ ሰዓት ነው። አንድ ሰው ከሰኞ እስከ እሑድ በተከታታይ ቢሠራ 66 ሰዓት ተኩል ነው። ከ40 ሰዓት በላይ ያለው አንድ ተኩል እጥፍ የመክፈል ጥያቄ ያስነሣል።

መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው። አምስት አምስት ሰው ያላቸው ሁለት ቡድኖች አድርጉ፤ ቀኑን እያፈራረቁ ይሥሩ፣ አንዱ ቡድን ለሌላው ተጠባባቂ ይሁን። ሥልጠናው ከስምንት ሰው ወደ አሥር ያድጋል፤ 576 የነበረው 720 ይሆናል። በ144 ዶላር ጭማሪ ሁለቱንም ችግር ታስወግዳላችሁ። በዚያ ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በእግሩ የቆመ ሰው በመጨረሻው እሑድ፣ ሰልፉ በሚረዝምበት ቀን፣ የወረቀት ዓይነት እያሳሳተ መስጠት ይጀምራል። የሦስት ማዘጋጃ ቤት ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲኖር የዚህ ስህተት ዋጋ ከባድ ነው።

ሌላው፣ አሠሪው ማን ነው? ብዙ ስምምነቶች «እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ሁለት ሁለት ሰው ያዋጣል» ይላሉ። ጥሩ ይመስላል፤ ግን የ«ለ» ሠራተኛ በሰዓት 15፣ የእናንተ 18 የሚከፈለው ከሆነ በአንድ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቅሬታ ይፈጠራል። አንዱ አዳራሽ ውስጥ ወድቆ ቢጎዳ የማን ኢንሹራንስ እንደሚከፍልም ግልጽ አይሆንም። ሁሉም በአስተባባሪው ደመወዝ መዝገብ ይግቡ፣ በአንድ ተመን ይከፈላቸው፣ ወጪው ይከፋፈል።

የበጀት ዓመቱንም አትርሱ። አብዛኞቹ ከተሞች ዓመታቸውን ጁን 30 ይዘጋሉ፤ ብዙ ታውንሺፖች ደግሞ ማርች 31። በፌብሩዋሪ 2024 እንደተካሄደው የፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት) ያለ ምርጫ ሲመጣ፣ የክፍያ መጠየቂያችሁ ኤፕሪል ላይ ከደረሰ ታውንሺፑ መዝገቡን ዘግቷል። ስለዚህ «አስተባባሪው ምርጫው በተካሄደ በ30 ቀን ውስጥ የተረጋገጠ ሒሳብ ይልካል» ብላችሁ ጻፉ፤ ማርች 31ን ያስቀድማል።

የፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ ወጪን ስቴቱ ነው የሚመልሰው። እዚህ ላይ የሚከሰተው ስህተት አስተባባሪው ሙሉውን 13,427 ለስቴቱ ማመልከቱ፣ ጎረቤቶቹም የከፈሉትን ድርሻ ለየብቻ ማመልከታቸው ነው። አንዷ ዶላር ሁለት ጊዜ ተጠየቀች ማለት ነው፤ ለኦዲት የሚያጋልጥ ነገር ነው። አንዱን ምረጡና ጻፉት፦ ወይ አስተባባሪው ሁሉንም አመልክቶ ለጎረቤቶቹ ምንም አያስከፍል፣ ወይ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ያመልክት። እንደዚሁም ዕቃው በስቴት ድጎማ የተገዛ ከሆነ የዕቃውን ዋጋ በእርጅና ስም ጎረቤት ላይ ማስከፈል አይገባም። ያልከፈላችሁበትን ዕቃ ነው የምታስከፍሉት።

ጋርላንድ ቴክሳስ፦

እኛ ጋ አሠራሩ ይለያል፤ ግን ከቴክሳስ ውሎች የምትወስዱት ነገር አለ። እዚህ ከተሞችና የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች ከካውንቲው (ብዙ ከተሞችን ከሚይዘው የአካባቢ መስተዳድር) ጋር የምርጫ አገልግሎት ውል ይዋዋላሉ፤ በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ማሽን ሁሉም ምርጫቸውን ያካሂዳሉ። ሁለት ነገር ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ የአስተዳደር ክፍያ። የቴክሳስ ሕግ ካውንቲው ለአጠቃላይ ቁጥጥር ከውሉ ዋጋ እስከ 10 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍል ይፈቅዳል። ለብቻው መስመር ተሰጥቶት ስለሚጻፍ ማንም አይጣላበትም። በጠያቂው ዝርዝር ውስጥ የክለርካቸው ሥራ (ሠራተኛ መመደብ፣ ማስታወቂያ መጻፍ፣ ማሽን ማስፈተሽ፣ ሒሳብ ማዘጋጀት) የለበትም፤ ያለው የማታው ርክክብ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት በጎ ፈቃድ ይበቃል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ክለርኩ «ለሦስት ማዘጋጃ ቤት የምሠራው በአንድ ደመወዝ ነው» ማለታቸው አይቀርም፤ እውነታቸውንም ነው። ወይ ሰዓታቸውን ይመዝግቡ፣ ወይ በመቶኛ ተስማሙ። በ12,027 ላይ 5 በመቶ 601.35 ዶላር ነው፤ በመራጭ ቁጥር ሲከፈል ለ«ሐ» 64 ዶላር ከ43 ሳንቲም ይደርሳታል። ይህን ያህል ትንሽ ገንዘብ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ከመሐል የሚወጣ ሰው። ቴክሳስ ውስጥ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ተቃዋሚ ከሌላቸው ከተማው ምርጫውን መሰረዝ ይችላል። አንዱ ሲሰርዝ የቀሩት ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ ውሎቹ «የሚወጣ ተሳታፊ እስከወጣበት ቀን ድረስ የወጣውን ወጪ ድርሻውን ይከፍላል» ይላሉ። እናንተ ጋ የስቴት ምርጫ መሰረዝ አይቻልም፤ ነገር ግን የአካባቢ ምርጫ ብቻ በሚሆንበት ጊዜ (ለምሳሌ ሜይ ላይ) የቅድሚያ ድምፅ መስጠት ግዴታ ስላልሆነ አንዱ «አልሳተፍም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የቀሩት ድርሻ በስንት ተካፍሎ እንደሚሰላ ስምምነቱ ይናገር። ከ28,000 ላይ 3,000 ሲቀነስ አካፋዩ 25,000 ይሆናል፤ የእናንተ ድርሻ ከ64.29 በመቶ ወደ 72 ይዘላል።

የበጀት ጸሐፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። የሁለት እርከኑን ቀመር ለክለርካችን አሳየኋቸው፤ ወደዱት። አንድ ጥያቄ አነሡ። «የተመዘገበ መራጭ» ስንል የትኛውን ቁጥር ነው? «ለ» ውስጥ ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎቹ ተመርቀው ከሄዱ በኋላም ስማቸው መዝገቡ ላይ ይቆያል። «ለ» በሌለ ሰው ልክ ክፈይ ልትባል ነው።

የምርጫ ጓዳ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ስምምነት የሚፈርሰው በዚህ ነው። በፌዴራል ሕግ ቦታ ለውጧል ተብሎ የተጠረጠረ መራጭ ማስታወቂያ ከተላከለት በኋላ ካልመለሰና ሁለት የፌዴራል ጠቅላላ ምርጫ ሳይሳተፍ ካለፈ ነው ስሙ የሚሰረዘው። እስከ አራት ዓመት ገደማ መዝገብ ላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጠቅላላውን የምዝገባ ቁጥር አትጠቀሙ። በስምምነቱ «ንቁ የተመዘገቡ መራጮች» በሉና ሦስታችሁም ከአንድ የስቴት መራጮች ፋይል ሪፖርት፣ በአንድ ቀን የታተመውን ውሰዱ። ቀኑን ጻፉት፤ «የምርጫው ዓመት ጃንዋሪ 15 ላይ ያለው ቁጥር» እንደማለት። እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር በመረጠው ቀን ካመጣ፣ ከምዝገባ መዝጊያ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ብቻውን ንትርክ ይፈጥራል። ቁጥሩ ለዚያ ዓመት ምርጫዎች ሁሉ ይጽና፤ በየምርጫው አይለዋወጥ።

ሁለተኛው እርከን ላይ ያለው «የተስተናገደ ሰው» ደግሞ ከኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ይወጣል፤ በማዘጋጃ ቤት ተለይቶ። ከማሽኑ ቆጣሪ አትውሰዱት፤ ማሽኑ የሚያውቀው ስንት ወረቀት እንደገባ ነው እንጂ ወረቀቱ የተበላሸበትና ሌላ የወሰደ ሰው ሁለት ወረቀት መፍጀቱን አያውቅም። ወረቀት በቦታው የምታትሙ ከሆነ የተበላሸውም ወጪ ነው። በኦገስት ቅድመ ምርጫ የሁለቱም ፓርቲ ዓምድ በአንድ ወረቀት ላይ ስላለና መምረጥ የሚቻለው በአንዱ ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱም ዓምድ ምልክት አድርጎ ወረቀት የሚቀይር ሰው ይበዛል። በጀቱን በተገመተው መራጭ ልክ ሳይሆን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

የገንዘብ ጣራም አስገቡ። «ጠቅላላ ወጪው ከጸደቀው በጀት ከ10 በመቶ በላይ የሚያልፍ ከሆነ አስተባባሪው ከማውጣቱ በፊት ሦስቱን ክለርኮች በጽሑፍ ያማክራል።» ለአስቸኳይ ነገር (ማሽን ተበላሸ፣ ማተሚያ ቆመ) የሚሆን የተለየ ፈቃድ ጨምሩበት፤ ሰልፍ ቆሞ ፊርማ ማሰባሰብ አይቻልም።

አዲስ መራጭ፦

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። በዚህ ወጪ ውስጥ የአስተርጓሚ ክፍያ አለ? እናቴ ዜግነት ከወሰዱ ገና ዓመታቸው ነው፤ እንግሊዝኛ አያነቡም።

ሒሳብ መርማሪ፦

እህቴ፣ የፌዴራሉ የቋንቋ ግዴታ የሚመለከተው ስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና የአላስካ ነዋሪዎች ቋንቋዎችን ነው፤ አማርኛ የለበትም። ስለዚህ በበጀቱ ውስጥ አይገኝም። ነገር ግን በዚያው የመራጮች መብት ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ገብቶ ሊረዳው ይችላል። ረዳቱ የመራጩ አሠሪ ወይም የአሠሪው ወኪል፣ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል መሆን ብቻ ነው የማይፈቀደው። አንቺ አብረሻቸው ግቢ፤ ሲገቡ ለአስፈጻሚው ንገሪው። የቅድሚያው ዘጠኝ ቀን ለእርሳቸው የተሻለ ነው፤ በሥራ ቀን መካከል ሄደሽ ሰልፍ ሳይኖር ቀስ ብላችሁ ታነባላችሁ። የምትሄዱበት ጣቢያ ግን የእርሳቸው ማዘጋጃ ቤት በስምምነቱ ውስጥ ያለበት መሆኑን አስቀድመሽ እዪ፤ ሚሺጋን ውስጥ ከ1,500 በላይ ከተማና ታውንሺፕ የየራሱን ምርጫ ያካሂዳል፣ ቅርብ ያለው ጣቢያ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

የበጀት ጸሐፊ፦

አመሰግናለሁ። ረቂቁ ላይ የምጽፋቸውን ለሁሉም ላሳይ፦ ንቁ መራጭ በጃንዋሪ 15 ቁጥር፣ ሁለት እርከን፣ አንድ ደመወዝ መዝገብ፣ ሁለት ቡድን፣ የግብር ጭማሪ በቋሚው እርከን፣ 5 በመቶ የአስተዳደር፣ 30 ቀን የሒሳብ ማቅረቢያ፣ 10 በመቶ ጣራ፣ የሚወጣ ሰው ድርሻ። የቀረ ካለ ንገሩኝ።

የምርጫ ጓዳ፦

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ። የኖቬምበር 2026 ምርጫ ኖቬምበር 3 ነው፤ ቅድሚያው ከኦክቶበር 24 እስከ ኖቬምበር 1 ይሄዳል። ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት ሌሊት ነው። በ2024ም የመጨረሻው የቅድሚያ እሑድ ከዚሁ ጋር ገጥሞ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሲዘጉ ለእያንዳንዱ አስፈጻሚ የነገውን ሰዓት በወረቀት ስጡት፤ የአዳራሹን የግድግዳ ሰዓትም ከመውጣታችሁ በፊት አስተካክሉት። ጠዋት የላፕቶፑ ሰዓት፣ የማሽኑ ሰዓትና የግድግዳው ሰዓት አንድ መሆናቸውን ኃላፊው ይይ፤ የተለያዩ ከሆነ በማስታወሻ መዝገቡ ላይ ይጻፈው። ሠራተኛ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ በር ላይ ከቆመ ያ ሰዓት እንደሚከፈል ወይም እንደማይከፈል አሁኑኑ ተስማሙ፤ በአምስት ሰው 90 ዶላር ነው።